የልጅህን ዝናብ ደጅ አራግፈው

«እሰይ! ዘንድሮስ ክረምቱ ለሁሉም ደረሰ» አሉ ጎረቤትየዋ፣ ሁለተኛውን የሻይ ብርጭቆ ከትሪው ላይ እያነሱ።

ትሪውን የያዘችው የሟቹ ልጅ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። ከበላያቸው የድንኳኑ ሸራ ውሃ አቁሮ እንደ እርጉዝ ሆድ ተቆዝሯል። ታናሽ ወንድሟ ወንበር ላይ ወጥቶ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር ሽቅብ ሲገፋው፣ ውሃው በጠርዙ በኩል ዷ ብሎ ወረደና ደጃፉ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ጫማ አጠበ። ሰዎቹ እግራቸውን እየሰበሰቡ ሳቁ። ሳቁና፣ ለቅሶ ቤት መሆናቸው ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ።

«ለማን ለማን ደረሰ?» አለች።

«አቤት የኔ ልጅ?»

«ለሁሉም ደረሰ ሲሉ ሰምቼ ነው። ለማን ለማን እንደደረሰ ቢነግሩኝ ብዬ።»

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «በሬዲዮ ሲሉ ሰምቼ ነዋ! የአካባቢው ዝናብ ደህና ነው፣ መደበኛ ነው፣ ምናምን ሲሉ...»

«እንደሱ ይበሉኛ!» አለችና ብርጭቆዎቹን እያንቀጫቀጨች ወደ ጓዳ ገባች።

ከኋላዋ አክስቷ፣ የአባቷ እህት፣ «ሐዘን ነው፣ አትፍረዱባት። አባቷን ስትወድ ለጉድ ነው» ስትል ሰማቻት። ይሄ ደግሞ ይባስ አናደዳት። የምን ሐዘን? ንዴት ነው እንጂ! ሐዘኑማ ቢመጣላት በወደደች፤ አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣትም። ላልቅስ ብላ ቁጭ ባለች ቁጥር ጥርሷን ስትነክስ ራሷን ታገኘዋለች።

ጓዳ ውስጥ፣ በዱቄት ከረጢቶቹና በተደራረቡት ድስቶች መሃል ቆማ፣ ለባሏ ደወለች። ለቀብሩ መጥቶ ነበር፤ ችግኞቹን የሚያጠጣ ሰው ስለሌለ ግን ወዲያው ነው የተመለሰው።

«እህ?» አለችው።

«ምን እህ አለው? ጠብ አላለም።»

«እዚህ እኮ ድንኳኑ ሊናድ ነው!»

«ይሰማኛል። እዚህ ደመናው መጣ፣ ጋራው ላይ ቆመ፣ አየን፣ ሄደ።» ባሏ ሲናደድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ጉድጓዱ ጭቃ ማውጣት ጀምሯል። ብርቱካኖቹን በጣሳ ነው የማጠጣቸው፣ ልክ እንደ በሽተኛ። እኔ የምልሽ፣ ወንድምሽን አናገርሽው?»

«ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሲያለቅስ፣ ምን ብዬ ላናግረው?»

«ለችግኞቹም ድንኳን ልንጥል ነው እኮ የኔ እመቤት። ይሄ ክረምት እንዲህ ካለፈ ጓዛችንን ሸክፈን መሄድ ነው። ይኸው ነው።»

ስልኩን ዘጋችበት። ልክ ስለሆነ ነው የዘጋችበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወንድሟ ቤትና በሷ ቤት መሃል አንድ ድንጋያማ ጋራ አለ። በእግር ቢሄዱት ሩቅ አይደለም፤ ሽማግሌም ያርፍ ያርፍና ይሻገረዋል። ክረምት ሲገባ ደመናው የሚመጣው በወንድሟ በኩል ነው። ጋራውን ሽቅብ ሲወጣ ሸክሙ ሳይከብደው አይቀርም፣ ያለ የሌለውን እዚያው አራግፎ ይጨርሳል። ወዲያ ሲሻገር ለሷ የሚተርፋት ጥላው ብቻ ነው። በአንዱ ጎን ልጆች ጭቃ ላይ ይንሸራተታሉ፤ በሌላው ጎን ዶሮ አቧራ ትታጠባለች። ሬዲዮው ታዲያ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና «መደበኛ» ይላል። መደበኛ! በሬዲዮው ሂሳብ እሷም ግማሽ ጎኗ ርሷል።

ይህን መሬት ለሁለት የከፈለው ደግሞ ማን ሆነና? ዛሬ ድንኳን የተጣለለት ሰውዬ ነዋ።

መሬት ቀያሽ ነበር። «ጋሽ ሜትር» ነው ሰዉ የሚለው። ከአባቱ የወረሰውን መሬት ለልጆቹ ያከፋፈለው በበጋ ነው፤ ቀያሽ መቼም በበጋ ነው የሚለካ፣ በክረምትማ ጭቃው እግር ይይዛል፣ የመሣሪያው መስተዋት ጉም ይለብሳል። ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ጋራው አናት ላይ ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዕድሜ ልኩን አብሮት የሠራው ሜትር ያዥ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ፣ ሲለኩ ዋሉ። ማታ ላይ፣ ጋራው እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ባለበት ቦታ አንድ ትልቅ ድንጋይ ተከሉና ቀይ ቀለም ቀቡት።

«በዚህ የወንድምሽ፣ በዚያ ያንቺ» አላት አባቷ። «ስንዝር አይበላለጥም።»

በበጋ ሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት ቢጫ ነው። ደስ ብሏት ጎንበስ አለችና እጁን ሳመች። ያ መሳሟ እስከ ዛሬ ከንፈሯን ያቃጥላታል።

ትኩስ ሻይ ይዛ ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ወሬው እሱው ላይ ነበር።

«ዳቦ እንኳ በማስመሪያ ነበር እኮ የሚቆርጠው!» ይላል አንድ የአባቷ የሥራ ባልደረባ። «በማስመሪያ! ቤቱ ሄጄ በዓይኔ ያየሁት ነው። እንደሱ ፍርዱ የተስተካከለ ሰው አልገጠመኝም።»

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከምሰሶው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌው ሜትር ያዥም ፈገግ አሉ፤ ግን ምንም አልጨመሩም። ድንኳኑ ከተጣለ ጀምሮ ከዚያ ቦታ አልተነቃነቁም።

በማስመሪያስ በማስመሪያ ነበር የሚቆርጠው። ይሁንና የቤታቸው ምድጃ አንድ ጎኑ እሳት ይበዛበታል፣ የዳቦውም አንድ ጎን ሁልጊዜ ያራል። ያረው ጎን ምንጊዜም የሷ ነበር። «ጎበዜ ጥርሷ ብረት ነው» ይላል አባቷ፣ ለስላሳውን ለወንድሟ እያቀበለ። እሷን የሚጠራት «ጎበዜ» ብሎ ነው። ወንድሟን «ልጄ» ይለዋል። ልጅ ሆና በዚህ ትኮራ ነበር፤ ወንድሟ ላይ ምላሷን እያወጣች ያረውን ዳቦ ቀርጨም ቀርጨም ታደርገዋለች። ወይ ሞኝነት!

ትሪውን አስቀምጣ ቀና ስትል ዓይኗ በረንዳው ላይ አረፈ። ምሰሶው ላይ የአባቷ የዝናብ ካፖርት እንደተሰቀለ ነው። ማንም አላነሳውም። ነፋሱ ዝናቡን እያመጣ ይወረውርበታል፣ ካፖርቱ ውሃውን በእጅጌው በኩል ወደ መሬት ያፈሳል።

አባቷ የሚኖረው እዚህ ወንድሟ ቤት ነበር። በክረምት ቅዳሜ ቅዳሜ ያንን ካፖርት ለብሶ ጋራውን ይሻገርና ሊጠይቃት ይመጣል። ሲነሳ ዝናብ፣ እሷ ደጅ ሲደርስ ፀሐይ። አቧራው መሃል ቆሞ ከራሱ እስከ እግሩ ይንጠባጠባል። ለማያውቅ ሰው ወንዝ ውስጥ ወድቆ የወጣ ነው የሚመስለው።

«ዘነበብኝ» ይላታል፣ ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ እየሳቀ።

«ይታያል» ትለዋለች። «የልጅህን ዝናብ እዚያው ደጅ አራግፈው! ቤቴን እንዳታረጥብብኝ!»

አንድም ቀን ካፖርቱን ይዞ እንዲገባ አልፈቀደችለትም። እሱም አይከራከራትም። በሯ አጠገብ ካለችው ሎሚ ሥር ቆሞ ያወልቀዋል፣ ጧ ጧ አድርጎ ያራግፈዋል፣ ከሎሚዋ በላይ ባለው የግድግዳ ሚስማር ይሰቅለዋል። ከዚያ ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጥና ሻዩን ይጠጣል። ስለ ልጆች ጤና ይጠይቃል፣ ስለ ጉልበቱ ያማርራል። ስለ ዝናቡ ግን ትንፍሽ አይልም። ሲወጣ ካፖርቱ ክው ብሎ ደርቆ ይጠብቀዋል። ከዚያ ሁሉ ዛፍ ቅጠሏ ለምልሞ የጠቆረ ሎሚዋ ብቻ ናት።

እሷ የጠየቀችው ነገር እኮ ብዙ አይደለም! ቀዩ ድንጋይ ከተተከለበት ኮርቻ አለፍ ብሎ፣ በወንድሟ በኩል፣ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ቦታ አለ። ሲሞላ ገንፍሎ የገዛ ወንድሟን አጥር እያፈረሰ ቁልቁል ይነጉዳል። ድንጋዩ ተነስቶ እዚያ ኮርቻ ላይ ክንድ የሚያህል ቦይ ቢቆረጥ፣ ትርፉ ውሃ ወደሷ ይዞራል። ለሱ አጥሩ ይተርፍለታል፤ ለሷ ነፍስ ነው። ወንድሟን ለመነችው። «የአባቴን ወሰን እኔ አልነካም። እሱ ይበል» አላት። እሱ እንዲል ደግሞ ታሞ ሳለ አልጋው አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ድንጋዩ ይነሳ በል። አንዲት ቃል ናት።»

ዓይኑን ጨፈነ። ተኛ ብላ ተስፋ ስትቆርጥ፣ «ልኩ ልክ ነው» አለ።

«ልኩን ማን ጠየቀህ? ዝናቡን ነው የምልህ!»

«ልኩ ልክ ነው፣ ጎበዜ።» ዓይኑን ሳይገልጥ እጇን ፈልጎ ያዘ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልሰማችውም። አባቷ የነገራት የመጨረሻ ቃል ይህ ሆኖ ቀረ። ሰው ታዲያ በዚህ አይናደድም?

ለቅሶው በሚያበቃበት ቀን፣ ሰዉ ሊነሳ ሲል፣ ወንድሟ ድንኳኑ መሃል ቆመ። ዓይኑ ከልቅሶ ብዛት አብጧል፤ ያቺ የመጥረጊያ እንጨት አሁንም ከእጁ አልወጣችም።

«ወገኖቼ፣ ብድራችሁን በደስታ ይመልስልን» አለ። «አባታችን የማይዛነፍ ሰው ነበር። ጋራው ላይ በገዛ እጁ የተከላት ያቺ ቀይ ድንጋይ አለች። እዚያች ድንጋይ ላይ በሲሚንቶ ሐውልት ላቆምለት አስቤያለሁ። አሸዋውም ወጥቷል። ነገ ግንበኛው ይመጣል።»

«እሰይ!» «ተባረክ!» «ልጅ ማለት እንዲህ ነው!» ሰዉ ተንጫጫ።

«በጉሮሮዬ ላይ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ሁሉም ዞረ። የያዘችውን ትሪ የሰው ጭን ላይ ይሁን መሬት ላይ ሳታይ አስቀምጣ ወደ መሃል መጣች።

«በጉሮሮዬ ላይ ነው ሐውልት የምታቆመው? ውሃ በምትመጣልኝ በአንዲቷ ቀዳዳ ላይ? በሲሚንቶ?»

«እህቴ፣ አሁን ይሄ ጊዜው...»

«ጊዜው አሁን ነው! ነገ ግንበኛ ይመጣል እያልከኝ መቼ ልናገር? ሲሚንቶው ሲደርቅ?»

«ስንዝር አላበላለጠም!» ወንድሟም ጮኸ። «ራስሽ ቆመሽ አይተሻል! እጁን ስመሻል!»

«ስሜያለሁ! በበጋ ነዋ የሳምኩት!»

አክስቷ ቀሚሷን ያዘች። «ተይ ልጄ፣ ሙት አይወቀስም።»

«ለምን አይወቀስም? በቁሙ ስጠይቀው ዓይኑን ጨፈነብኝ። ሞተ ስል አይወቀስም አላችሁኝ። ታዲያ መቼ ነው የሚወቀሰው እቴቴ? እስቲ ቀን ቁረጡልኝ!»

ያኔ ነው ሽማግሌው ሜትር ያዥ ከምሰሶው ሥር ጉሮሯቸውን ያጠሩት።

«ጎበዜ» አሏት፣ ልክ እንደ አባቷ። «አባትሽ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ደመናው የት ላይ እንደሚቆም። ተወልዶ ያደገበት ጋራ ነው፣ እንዴት አያውቅ? መጀመሪያ መሣሪያውን የተከለው በሌላ በኩል ነበር። ጋራውን ሽቅብና ቁልቁል ሰንጥቆ ለሁለታችሁም ከእርጥቡም ከደረቁም ሊያደርሳችሁ። ከዚያ ቆሞ ሲያስብ ቆየና ነቀለው። “ልጄ ደረቁን አይችልም፣ አንድ ክረምት ከከዳው ጥሎት ይሄዳል። ጎበዜ ግን ትችላለች” አለኝ።» ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «አምኖሽ ነው ልጄ። ንቆሽ አይደለም። እንዲህ ያመነው ሰው አልነበረም፤ ይህን እወቂና ተጽናኚ ብዬ ነው።»

ለማጽናናት ነበር የተናገሩት። ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

«ስለቻልኩ?» አለች፣ መጀመሪያ በቀስታ። «ሰነፍ ብሆን ኖሮ ይዘንብልኝ ነበር ማለት ነው?»

ዓይኗን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አዞረች።

«በሉ እንጂ! ፍርዱ የተስተካከለ፣ የማይዛነፍ እያላችሁ ስታወሩ ሰነበታችሁ አይደል? አንድ ቀን አልቻልኩም ብዬ መሬት ላይ ብንደባለቅ ኖሮ፣ ቁጭ ብዬ ባለቃቅስበት ኖሮ፣ ድንጋዩን ወዲያ ፈቅ ያደርግልኝ ነበር! እኔ ደግሞ አፌን ዘግቼ ውሃ በጣሳ ተሸከምኩ። ጎበዜ! ጎበዜ እያለ ነው እርጥብ መሬት የነሳኝ! እኔ እኮ የማያውቅ መስሎኝ ነበር! ቅዳሜ ቅዳሜ ደጄ ላይ ሲንጠባጠብ፣ የማያውቅ መስሎኝ!»

ድምፏ ተሰበረ፣ እንባ ግን አልመጣም።

«ጥሎት ይሄዳል አለ?» ይህን ያለው ወንድሟ ነው። እስካሁን ያስተዋለው ሰው አልነበረም። ፊቱ አመድ መስሏል። «እኔን ነው? እኔ ነኝ ጥዬ የምሄደው?»

«ልጄ፣ እኔ እኮ...» አሉ ሽማግሌው፣ የተናገሩትን መልሰው መዋጥ የፈለጉ ይመስላሉ።

«ሲታመም ያጠብኩት እኔ ነኝ! አልጋውን ያነጠፍኩ፣ ሽንቱን የደፋሁ እኔ ነኝ! አንድ ሌሊት ጥዬው ሄጃለሁ? እንዲያው አንድ ሌሊት?» የመጥረጊያውን እንጨት ወረወረው። ውሃ ያቆረው ሸራ ያለ ደጋፊ ቀረና ቀስ እያለ ወደ ሰዎቹ ራስ መውረድ ጀመረ። ወንድሟ ግን ዞር ብሎ ሳያየው ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

እሷም ማንንም አልተሰናበተችም። ከበረንዳው ምሰሶ ላይ የአባቷን ካፖርት መንጭቃ አወረደችና መንገድ ጀመረች።

«ኧረ በዚህ ዝናብ!» አለች አክስቷ ከበረንዳው።

«እኔ ጋ አይዘንብም» አለቻት።

ካፖርቱን አልለበሰችውም። ልልበሰው ብትልም ንዴቷ አያስለብሳትም። ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እሷም ካፖርቱም እየበሰበሱ፣ ሽቅብ ወጡ። በየመሃሉ ብቻዋን ታወራለች። «ትችላለች! እህ፣ ትችላለች! ማን ጠየቀኝ?» እግሯ እየተንሸራተተ፣ በእጇ ሣር እየያዘች፣ ኮርቻው ላይ ስትደርስ ወንድሟን አገኘችው።

ድጅኖ ከድንጋዩ ሥር ሰክቶ ሽቅብ ይታገላል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ለሐውልቱ የመጣው አሸዋ አጠገቡ ተከምሮ ጎርፉ እየበላው ነው። እያለቀሰ ይሁን ዝናቡ ይሁን መለየት አይቻልም።

«ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ!» ብሎ ጮኸባት።

«አይመስለኝም!»

«ሐውልትም አልሠራለትም!»

«አትሥራ!»

«ጥሎት ይሄዳል ይለኛል? ይኸው አለሁ! የራሱ ድንጋይ ነው የሚሄደው!»

ካፖርቱን አሸዋው ላይ ወረወረችና ትከሻዋን ለድንጋዩ ሰጠች። እሱ በድጅኖው ከሥር፣ እሷ በትከሻዋ ከጎን። ድንጋዩ አባታቸውን ነው የሚመስለው፣ ንቅንቅ አልል አለ። ሁለቱም በሰው ፊት የማይባል ነገር እየተናገሩ ገፉት፤ ለሞተ ሰው የማይባል፣ ለአባት የማይባል። ድንገት ከሥሩ አንድ ነገር ለቀቀ። ድንጋዩ ተጋደመ፣ አንዴ ተገለበጠ፣ ከዚያ በሷ በኩል ቁልቁል እየተንከባለለ ወረደ፤ የደረቀው አፈር ላይ አቧራ እያስነሳ ሲሄድ ቆመው አዩት። ከኋላቸው ይዘንባል፣ ከፊታቸው አቧራ ይቦናል።

ድንጋዩ የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ገባ። ሞላና አንዲት ቀጭን መስመር ወደሷ በኩል ወጣች፤ ጥቂት ተራምዳ አፈሩ ጠጣት።

«ነገ ግንበኛው ሲመጣ ቦዩን ይቆፍራታል» አለ ወንድሟ፣ ድጅኖውን ተደግፎ እያለከለከ። እሷን አያያትም። «በቃ፣ አሁን ሂጂ ወደ ፀሐይሽ። ትታመሚብኛለሽ።»

ካፖርቱን ከአሸዋው ላይ አነሳች፤ ከበፊቱ ይልቅ ከብዷል። አንድ ነገር ልትለው ፈለገች፣ አፏ ላይ የመጣው ሁሉ ስድብ ስለነበረ ትታው ወረደች።

ባሏ ጣሳውን እንደያዘ ከችግኞቹ መሃል ቀና ሲል፣ ሚስቱ ፀሐይ ላይ ቆማ ከራሷ እስከ እግሯ ትንጠባጠባለች።

«ዘነበብሽ?» አላት።

አልፋው ሎሚዋ ሥር ደረሰች። እጇ ብቻውን ካፖርቱን ከፍ አደረገው፣ ጧ ሊያደርገው፣ እዚያ ሚስማር ላይ ሊሰቅለው። ከፍ እንዳደረገችው ቆመች።

ከዚያ አወረደችውና ደረቷ ላይ አቅፋው ወደ ቤት ገባች። መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ወንበር ሳበች፣ ካፖርቱን መደገፊያው ላይ አለበሰችው፣ ትከሻውን አስተካከለች። ውሃው በእጅጌው እየወረደ ጠዋት የተጠረገው ሲሚንቶ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ወለሉ ረጠበ እኮ» አለ ባሏ ከበሩ ላይ።

«ይርጠብ» አለች። ሌላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።